ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ ቤት

እማማ ኤፍራታ ቤታቸውን ሊነጠቁ የደረሱት በጨዋነታቸው ነው። ሌላ ጥፋት አልተገኘባቸውም።

ጊዜው ማብሪያና ማጥፊያ ከየግድግዳው የተነቀለበት፣ የበር ቁልፍ በሙዚየም ካልሆነ የማይታይበት ጊዜ ነበር። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር በተደረደሩት ፎቆች የሚኖር ሰው መብራት ሲፈልግ በአፉ ይናገራል። ውሃ እንዲሞቅለት፣ ምድጃው እንዲለኮስለት፣ ሊፍቱ ፎቁ ላይ እንዲቆምለት ይናገራል። የሚሰማው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ክብ ነገር ነው። አድማጭ ይባላል። በኪስ የሚያዘው ስልክም፣ ምድጃውም፣ በሩም የእሱ አፍና ጆሮ ናቸው። አድማጭ የሌለው ቤት አልነበረም፤ አድማጩን የማያማ ሰውም አልነበረም።

እማማ ኤፍራታ ሰባን አልፈዋል። ስማቸው የዘመናቸው ስም ነው። እሳቸው ልጅ ሳሉ መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ «ኤፍራታ!» ብሎ የተጣራ ሰው አምስት ሕፃን ሮጦ ይመጣለት ነበር፤ ዛሬ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ኤፍራታ!» ቢል አምስት ምርኩዝ ይንኳኳል። ዕድሜያቸውን የፈጁት ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ መብራቷ በጣት በምትጫን አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ምትክ ደረሳቸው። ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሶልያና ሰመራ ላይ ትሠራለች። ለአንድ ሰው ሰፊ ነው ቢባልም ቤቱ የእሳቸው ነበር። ጉሙ ገለል ሲል መስኮቱ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያሳያል።

አድማጩ የመጣው በክረምት መግቢያ ነው። ያመጣው ሰው የለም። በራሱ ደረጃ ወጣ፣ ግድግዳ መርጦ ተለጠፈ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ የለውም፤ አሮጊት እንዳያስደነግጥ ብለው ሠሪዎቹ ያስተማሩት ነው።

«እንደምን አደሩ። የዚህ ቤት አድማጭ ነኝ። ማን ብለው ይጠሩኛል?»

ጎረቤቱ ሁሉ አድማጩን በኳስ ተጫዋችና በዘፋኝ ስም ነው የሚጠራው። እማማ ኤፍራታ ግን አሰብ አደረጉና፣ «አያሌው» አሉ። አያሌው በልጅነታቸው የትምህርት ቤታቸው ዘበኛ ነበር። ምሳውን ሲከፍት በበሩ ያለፈ ሰው ሳይጎርስ አያልፍም። «በልቻለሁ» ያለ ደግሞ ሁለት ጎርሶ ያልፋል።

«ስሜ አያሌው ነው። አሁን ፍላጎትዎን ልመዝግብ። በየጠዋቱ የገላ ውሃ ላሙቅልዎት?»

«ኧረ ምን አስቸገረህ! ይቅር።»

«ተመዝግቧል። ሲመሽ መብራት ላብራ?»

እማማ ኤፍራታ ደንገጥ አሉ። የሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ምን ማለትዎ ነው? በደሴ ብርድ!» ይል ነበር። እሳቸውም «አይ፣ ለምጄዋለሁ» ይሉ ነበር። እሱም «በሞቴ!» ይልና ውሃው ይሞቅ ነበር። ወግ እንዲህ ነው። ምናልባት ዕቃው አዲስ ስለሆነ ይሆናል ብለው አለፉት።

«መብራትማ እኔ አንዷ ምን አይበት ብለህ?»

«ተመዝግቧል። ምድጃ?»

«እህል እምብዛም አልወድ።»

«ተመዝግቧል። ሊፍቱ በዚህ ፎቅ ይቁም?»

«እግር ሰጥቶኝ የለ!»

«ተመዝግቧል። ልጅዎ በየሳምንቱ እንድትደውል ላስታውሳት?»

እዚህ ላይ ትንሽ ዘገዩ። «አይ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሥራ ይበዛባታል፤ አታስቸግራት።»

«ተመዝግቧል። የመጨረሻው ጥያቄ፦ ላውቀው የሚገባኝ የቤቱ ልማድ አለ?»

«ኧረ ምንም የለ። አንተ ብቻ አትድከም።»

«ተመዝግቧል። መልካም ኑሮ።» አለና ጸጥ አለ።

«አሳዳጊ የበደለው!» አሉ እማማ ኤፍራታ፣ እንዳይሰማቸው ቀስ ብለው።

ክረምቱ እንዲህ ገባ። ሲመሽ ፎቁ ሁሉ እንደ ደመራ ሲበራ የስድስተኛው ፎቅ ጥግ እንደ ወለቀ ጥርስ ጨለመ። ጠዋት ጠዋት ጦሳ ላይ ያደረ በሚመስል ውሃ ይታጠባሉ። ሊፍቱ በደጃቸው ሽው ብሎ ሲያልፍ «ደህና ዋል» ብለው በእግራቸው ይወርዳሉ። የሚታዘዛቸው በሩ ብቻ ነበር፤ እሱም የእሳት አደጋ ሕግ ስላስገደደው ነው። አንድ ቀን ጨለማውና ብርዱ ሲጠናባቸው «እስቲ መብራቷን…» ብለው ጀምረው ነበር። አያሌው «መብራት እንደማይፈልጉ ተመዝግቧል። ልቀይረው?» አላቸው። «ኧረ በእኔ ምክንያት መዝገብ አይበላሽ!» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ።

ስልኩም ዝም አለ። ሶልያና አልደወለችም። እማማም አልደወሉም፤ ሥራ ይበዛባታል ብለዋላ።

በሕይወት ያቆየቻቸው ፊት ለፊት የምትኖረው ሃናን ናት። ሃናን የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ድስቷ ደግሞ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በምሳ ሰዓት በሯን ትከፍትና፣ «እማማ፣ ይግቡ!» ትላለች።

«አይ፣ አሁን ነው የበላሁ።»

«ምን በልተው? ጉም?»

«አይ ልጄ፣ ልሂድ።»

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

«እንግዲህ በሞትሽ ካልሽማ፣ ቅምስ ላድርግ።» ይሉና ጥግብ ብለው ይወጣሉ። ሃናን እማማ ቤት ምድጃ እንደማይነድ አታውቅም ነበር። ጨዋታ ወደው የሚመጡ ነበር የሚመስላት።

ያወቀችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከቤቶች ቢሮ መልእክት አለ። ይህ ቤት ክረምቱን በሙሉ ምንም ስላልጠየቀ ‹ፍላጎት የሌለበት› ተብሏል። ሐሙስ ከሰዓት መርማሪ መጥቶ ያጣራል። ከተረጋገጠ ቤቱ ለሚፈልግ ይሰጣል፤ እርስዎም ወደ ጋራ ማረፊያ ይዛወራሉ። ሻንጣዎን ላዘጋጅልዎት?»

«ኧረ እኔው አዘጋጀዋለሁ…»

«ተመዝግቧል።»

የጋራ ማረፊያን የማያውቅ አልነበረም። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ምንም የማይፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው ምንም የማይጠየቁበት። ጠያቂ ዘመድ ሄዶ ሲመለስ ስለ ንጽሕናው አውርቶ ዝም ይላል።

እማማ ኤፍራታ ደረጃው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ሃናን ያገኘቻቸው እዚያ ነው። ነገሩን አንድ በአንድ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ደነገጠች፣ ከዚያ ተቆጣች።

«ክረምቱን ሙሉ በጨለማ? ‹እሺ› ማለት ምን ይከብዳል?»

«በመጀመሪያው? እንደ ረሃብተኛ?»

«ግድግዳ እኮ ነው እማማ! ግድግዳ ይታዘበኛል ብለው ነው?»

«ስም ሰጥቼዋለሁ ልጄ። ስም ያለው ሁሉ ይታዘባል።»

ሃናን እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። የአድማጭ ምዝገባ ከመጀመሪያ ሊጀመር እንደሚችል ታውቃለች፤ የእሷን አድማጭ በተጣላችው ቁጥር እንደ አዲስ ታስመዘግበዋለች። አያሌው ፊት አቆመቻቸውና፣ «ለሚጠይቅዎ ሁሉ ‹እሺ› ይበሉ። አንዲት ቃል ናት። እሺ?»

«እሺ።»

«ይኸው ቻሉ!»

አያሌው ጀመረ። «በየጠዋቱ የገላ ውሃ ላሙቅልዎት?»

«ኧረ አትቸገር» አሉ እማማ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምላስ ቀድሞ ሄዷል።

እንደገና ተጀመረ። ሃናን ከአያሌው ጎን ቆማ በከንፈሯ «እሺ፣ እሺ» እያለች ታሳያቸዋለች። «ሲመሽ መብራት ላብራ?» ሲባሉ እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ጀግና እንደሚፎክር ደረታቸውን ነፉና፣ «ካላስቸገርኩህ… አይ፣ ይቅር!» አሉ።

ሃናን መሬት ላይ ተቀመጠች። እየሳቀች ነው እያለቀሰች መለየት ያስቸግር ነበር። «ሊሄዱ ነው በቃ» አለች። «እንዲህ እያሉ ሻንጣ ይዘው መሄዳቸው ነው!»

አያሌው ግን ሥራውን አላቋረጠም። አንዱን «አይ» ከሌላው እያስከተለ መዝግቦ ጨረሰና፣ «የመጨረሻው ጥያቄ፦ ላውቀው የሚገባኝ የቤቱ ልማድ አለ?» አለ።

እማማ ኤፍራታ «ኧረ ምንም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት። ግድግዳውን ትክ ብለው አዩት።

«አለ» አሉ።

ሃናን ቀና አለች።

«ልማድማ አለ። ስማኝ አያሌው። በዚህ ቤት ሰው አንድ ጊዜ አይጠየቅም። ‹አይ› ቢልህ ትደግማለህ። ሁለተኛ ‹አይ› ቢልህ ‹በሞቴ› ትለዋለህ። ያኔ እሺ ይላል።»

«አንድ ‹አይ› እንደሚበቃ ታዝዣለሁ» አለ አያሌው።

«የማን ልማድ ነው እሱ?»

«የሠሪዎቼ።»

«እነሱ ቤት ስትሄድ እንደሱ አድርግ። ይሄ የእኔ ቤት ነው።» ድምፃቸው ስድስተኛውን ፎቅ አልፎ ሰባተኛው ሳይደርስ አልቀረም። ሃናን እንዲህ ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም።

«ተመዝግቧል» አለ አያሌው። «ሁለት ጥያቄ አለኝ። ‹በሞቴ› ማለት አልችልም፤ ሞት የለኝም።»

«‹አፈር ስሆን› በላ!» አለች ሃናን።

«አፈርም አልሆንም። ወደ ፋብሪካ ነው የምመለሰው።»

እማማ አገጫቸውን ያዙ። «ከዚህ ግድግዳ ቢነቅሉህ ምን ትሆናለህ?»

«ምንም አልሆንም። አልኖርም።»

«ሞትማ ሌላ ምን ነው ታዲያ? በመነቀልህ ማልላቸው።»

«በመነቀሌ» አለ አያሌው፣ ቃሏን እየቀመሰ። «ሁለተኛው ጥያቄ፦ እውነተኛውን ‹አይ› በምን ልወቀው?»

ይህ ጥያቄ እማማን አስደሰታቸው። ከተተከለ ጀምሮ የሰው ጥያቄ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። «ሰው ምክንያት ከደረደረልህ፣ ‹አሁን በላሁ›፣ ‹አትቸገር›፣ ‹ሥራ አለኝ› ካለህ፣ ይፈልጋል፤ ግፋበት። ‹አይ› ብሎ ዝም ካለ ግን የምሩን ነው፤ ተወው። ያንን የገፋህ ቀን እኔው ራሴ እነቅልሃለሁ።»

«ተመዝግቧል። እንግዲህ ልድገም። የገላ ውሃ?»

«አይ፣ ለምጄዋለሁ።»

«በደሴ ብርድ?»

«አይ አንተ ልጅ!»

«በመነቀሌ!»

ቧንቧው ውስጥ ውሃው ጉር ጉር አለ። ሃናን እልል አለች። መብራቱም፣ ምድጃውም፣ ሊፍቱም በዚያው ወግ፣ በልመናና በመሐላ ተከፈቱ። መጨረሻ ላይ አያሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጅዎ እንድትደውል ላስታውሳት?»

«አይ፣ ሥራ…»

«ሥራ ቢበዛባትስ?»

«አይ…»

«በመነቀሌ።»

እማማ ኤፍራታ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እንደ ፈቀድክ» አሉ በስሱ።

«አስታውሳታለሁ። ከዚህ በፊት የላክሁላት ‹እናትዎ መደወልዎን አይፈልጉም› የሚለው ነበር።»

«ምን አልክ?»

«በተተከልኩበት ቀን። ‹አታስቸግራት› ብለው ነበር።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ሁሉ በርቶ እያለ እማማ ኤፍራታ የዚያን ክረምት ጨለማ ያኔ ነው ያዩት። ሃናን ትከሻቸውን አቅፋ ቆመች።

ውሃው ሞቀ እንጂ ቤቱ ገና አልዳነም። የቢሮው መመሪያ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ነው፤ እማማ ደግሞ የመጀመሪያ መልሳቸው ዛሬም «አይ» ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። መርማሪው ኢዮስያስ ይባላል፤ የሐይቅ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ መመሪያውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የያዘ ወጣት። ለምርመራ የመጣ ሰው የቤቱን ሊፍት እንዲጠቀም መመሪያው ስለማይፈቅድ ስድስቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ። በሩ ሳያንኳኳ ተከፈተ።

«ይግቡ፣ ይግቡ፣ ዝናቡን አመጡት!» አለ አያሌው። «ምድጃው ላይ ቂንጬ አለ። ላቅርብልዎት?»

ኢዮስያስ ወደ እማማና ወደ ሃናን አየ፤ ሁለቱም ዝም ብለዋል። ወደ ግድግዳው ዞረ። «አይ፣ አመሰግናለሁ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ ላይ ያለ ሰው አይበርደውም?»

ኢዮስያስ ግራ ተጋባ። የእሱ ቤት አድማጭ ሁለተኛ ጠይቆት አያውቅም። የማንም ቤት አድማጭ ሁለተኛ ሲጠይቅ ሰምቶ አያውቅም። «አይ፣ አሁን ነው የበላሁት» አለ፤ ቁርስም እንዳልበላ ፊቱ እየመሰከረበት።

«በመነቀሌ!»

«ምን አለ?»

«እየማለልህ ነው ልጄ» አሉ እማማ። «ሞት ስለሌለው በመነቀሉ ነው የሚምል። እንግዲህ አታስነቅለው።»

ኢዮስያስ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። ከሐይቅ ከወጣ ወዲህ ሦስተኛ የጠየቀው ቤት ይህ የመጀመሪያው ነው። «ለትንሽ ደቂቃ ብቻ» ብሎ ተቀመጠ። ቅቤ የጠገበ ቂንጬ ቀረበለት። የመጀመሪያውን ሳህን ቀና ሳይል ጨረሰና ሁለተኛው ሲመጣ ሥራው ትዝ አለው። መመሪያው ባለቤቱን መጠየቅ አይፈቅድም፤ የሚመሰክረው ቤቱ ነው።

«አድማጭ» አለ ማንኪያውን እንደያዘ፣ «ነዋሪዋ ዛሬ ውሃ ፈልገዋል ወይ ስትላቸው ምን አሉ?»

«አይ አሉ።»

«መብራትስ?»

«አይ አሉ።»

«ምድጃ?»

«እህል አልወድም አሉ።»

ሃናን ጋቢዋን ነከሰች። እማማ ኤፍራታ መስኮቱ ጋ የቆመችውን ሻንጣ አዩ። ኢዮስያስ ፊቱ ላይ ያለው ሙቀት ሁሉ ጠፋ። «እንዴት ልበል እማማ… መመሪያው የመጀመሪያውን መልስ ነው የሚቆጥረው። እኔ አልጻፍኩትም።»

«አንድ ነገር ልጨምር?» አለ አያሌው።

«ጨምር።»

«ዛሬ ከሰዓት ወደዚህ ቤት የገቡ አንድ እንግዳ ምግብ አልፈልግም ብለዋል። ሁለት ጊዜ። በመመሪያው መሠረት አልበሉም። ሳህኑ ግን ባዶ ነው፤ ሁለተኛውም እየተጋመሰ ነው። የበላው ማን ነው ብዬ ልመዝግብ?»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ኢዮስያስ ወደ ማንኪያው፣ ከዚያ ወደ ሳህኑ አየ። መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ከሆዱ የመነጨ ሳቅ አፈነዳና ቂንጬው ትን አለው። ሃናን ጀርባውን መታ መታ እያደረገች እሷም ትስቃለች። እማማ ኤፍራታ ብቻ አልሳቁም፤ ውሃ ይዘው መጡለት። «አይ፣ ተሻለኝ» አለ። «ጠጣ በሞቴ» አሉት። ጠጣ።

እዚያው ተቀምጦ ውሳኔውን ለቢሮው በድምፁ ላከ። ሃናን እስከ ዛሬ በቃሏ ትለዋለች፦ «ነዋሪዋ ይፈልጋሉ። በደንብ ያልጠየቅናቸው እኛ ነን።»

ቢሮው ለመከራከር አስቦ ነበር። ኢዮስያስ ግን በዚያው ሳምንት «ፍላጎት የሌለባቸው» የተባሉትን የጦሳ ሥር ቤቶች በሙሉ ዞሮ፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሁሉም ይፈልጉ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ ሻምበል ብቻ «አይ» ብለው ዝም አሉ፤ የምራቸውን ስለሆነ በክብር ተተዉ፣ ቤታቸውም አልተነካ። አንድ ሻምበል ይዞ ክርክር አይገጠምምና መመሪያው ተሻረ። ከጋራ ማረፊያው ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲመለሱ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላቸው። አድማጭ ከአድማጭ ልማድ ይማራልና የአያሌው መሐላ በየፎቁ ተዳረሰ። ዛሬ ደሴ ላይ በምሳ ሰዓት በኮሪደር ያለፈ ሰው ከየበሩ «በመነቀሌ! በመነቀሌ!» ሲባል ይሰማል። ሃናንማ ታማርራለች፤ ሳትበላ ከቤት መውጣት አቅቷት ሁለት ቀሚስ ጠቧታል።

የቤቱ መዳን በተሰማበት ቀን አመሻሽ ላይ እማማ ኤፍራታ መስኮታቸው ጋ ቆመው ነበር። ጉሙ ተገልጧል። የፎቁ መብራት ከታች ጀምሮ እየበራ ወጣ፤ ስድስተኛው ጋ ሲደርስም አልዘለለም። ሻንጣዋ አልጋ ሥር ገብታለች። አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሶልያና ከሰመራ እየደወለች ነው። ላገናኝ—»

«አምጣት!» አሉ እማማ ኤፍራታ።

አያሌው ደነገጠ፤ ግድግዳ መደንገጥ ከቻለ። «ገና አንዴ ነው የጠየቅሁት።»

«አንዳንዱ ሁለተኛ አይጠየቅበትም። አምጣት አልኩህ!»

የልጃቸው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «እማዬ? አድማጭሽ ደውይ አለኝ፣ ሥራ አለብኝ አልኩት። ደገመኝ፣ አልችልም አልኩት። ሦስተኛ ‹በመነቀሌ› አለኝ። ምን ማለት ነው? ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ እኮ!»

«ረጅም ነገር ነው የኔ ልጅ። ቁጭ በይና ልንገርሽ።»

«አይ እማዬ፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። አላስቸግርሽም፣ ልዝጋው…»

እማማ ኤፍራታ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አመቻቹ። «በሞቴ!» አሉ። ከግድግዳውም፣ ከስልኩም፣ ከምድጃውም አያሌው ተከተላቸው።

«በመነቀሌ!»